ኬሞ ላይ ያለ ልጄ ትኩሳት አልለቀው አለ፤ የሳንባ ፈንገስ ይሆን?

ጠያቂ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። የ6 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው። ከኬሞው በኋላ ነጭ የደም ሴሉ በጣም ወርዷል። አንቲባዮቲክ ከጀመረ 5ኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ፍንክች አላለም። ሐኪሞቹ የሳንባ ፈንገስ ጠርጥረው ሲቲ ስካን አዘዋል። ራጁ ደህና ነው ተብሎ የለ እንዴ? ደግሞስ ታናሽ እህቱ ላይ ይተላለፍ ይሆን?

የሕፃናት ሐኪም፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ለእህቱ አትስጊ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አስፐርጂለስ የሚባለው ፈንገስ ብናኙ አየር ላይ አለ፤ ሁላችንም እንስበዋለን። የሚያጠቃው ግን መከላከያው የተዳከመውን ነው። ራጅ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ነጭ የደም ሴል ወርዶ ትኩሳቱ ከ4 ቀን ካለፈ ሲቲ ማንሳት ትክክለኛ አሠራር ነው። አዋቂዎች ላይ ሳንባ ውስጥ ያለውን የፈንገስ እባጭ ከቦ ሲቲ ላይ የሚታየው ጭጋግ መሰል ቀለበት ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሲቲው ብቻውን አይበቃም። ጋላክቶማናን የሚባል የደም ምርመራ ይታከልበታል፤ ካስፈለገም በቀጭን ቱቦ ከሳንባው ናሙና ይወሰዳል። የፈንገስ መድኃኒቱን ውጤት ሳይጠብቁ ቢጀምሩለት አይግረምሽ። መዘግየቱ ነው የሚጎዳው።

ፋርማሲስት፦ አንድ ነገር አደራ። አስፐርጂለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቮሪኮናዞል ነው። የልጅሽ ኬሞ ውስጥ ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ጠይቂ። ቮሪኮናዞል ቪንክሪስቲን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ያኔ ነርቭ ይጎዳል፣ ከባድ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። ሐኪሞቹ ከሁለቱ አንዱን ሊያዘገዩ ወይም ቮሪኮናዞሉን አምፎቴሪሲን በሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ሊተኩ ይችላሉ። የቮሪኮናዞሉ መጠን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ በልጦ ብታይው አትደንግጪ፤ የልጆች ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ነው የሚያስወግደው። ለዚህም ነው ደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው። በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ አያክምም፤ ከ6 ካለፈ ደግሞ ይጎዳል።

የታካሚ አባት፦ እኛም አልፈንበታል፣ አይዞሽ። የቮሪኮናዞሉ ሽሮፕ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው። ልጄ እንደወሰደች ዓይኗ ብዥ ይልባት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል። ፀሐይም ቆዳዋን ቶሎ ያቃጥላት ስለነበር ኮፍያና ረጅም እጅጌ አይለያትም ነበር። ትኩሳቱ ጠፋ ብለሽ እንዳታቋርጪው። ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው።

ጠያቂ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲቲው ነገ ጠዋት ነው። ቪንክሪስቲን ደግሞ ሐሙስ ቀጠሮ አለው፤ አሁኑኑ ሄጄ እጠይቃለሁ።

የሕፃናት ሐኪም፦ ጎሽ። ማታ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ጠዋትን አትጠብቂ፣ ነርሷን ወዲያው ጥሪ።