ፊሊፒንስ ፍርዱን ረትታ ሚሳይል ለምን ትገዛለች?

የምፅዋ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ ስልኬን ስነካካ አንድ ቪዲዮ አየሁ። የቻይና ጠረፍ ጠባቂ መርከብ የፊሊፒንስን ስንቅ ጫኝ ጀልባ በውሃ መድፍ ይመታል። አባቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ፊሊፒንስ በ2016 ሄግ ላይ በተሰየመ የግልግል ችሎት ቻይናን ረትታለች (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቻይና ደቡብ ቻይና ባሕርን ከሞላ ጎደል የኔ የምትልበት መስመር ሕጋዊ መሠረት የለውም ተባለ። ከዚያ በ2022 ደግሞ ከሕንድ ብራህሞስ ሚሳይል በ375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተዋዋለች። ሀብታም አገር አይደለችም እኮ። ፍርዱ ከጠቀመ ሚሳይሉ ለምን?

ፒያሳ፦
ፍርዱን የሚያስፈጽም ፖሊስ ስለሌለ ነዋ። የጎረቤቶቻችንን የሐኒሽ ደሴቶች ጉዳይ አስታውሺ፤ ቀይ ባሕር ላይ ያሉትን። ኤርትራና የመን በ1995 ተታኮሱ። በ1998 ዳኞቹ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች ለየመን ሰጡ፤ ኤርትራም ለቀቀች። ሁለቱም ለመዳኘት ፈቅደው ነበር የገቡት። ቻይና ግን ችሎቱ ላይ አልቀረበችም።

ካዛንቺስ፦
እኔ ከሚሳይሉ ይልቅ አሮጌዋን መርከብ እዩ እላለሁ። ቻይና በ1995 ሚስቺፍ የተባለውን ሪፍ (ከባሕር ወለል ብዙም የማይርቅ የኮራል ድንጋይ) ያዘች። አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ውስጥ የነበራቸውን የሱቢክ ባሕር ኃይል ሰፈር ለቀው ከወጡ ገና 3 ዓመት አልሞላም ነበር። ፊሊፒንስም በ1999 ሲየራ ማድሬ የምትባል፣ በ1944 የተሠራች መርከብ አምጥታ አዩንጊን ሪፍ ላይ ሆን ብላ አስቀመጠች። ዛሬም ጥቂት ወታደሮች የዛገው ብረት ውስጥ ይኖራሉ። መርከቧ ከባሕር ኃይሉ መዝገብ አልተሰረዘችም። ስለዚህ እሷን መምታት ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የ1951 የመከላከያ ስምምነት ሊቀሰቅስ ይችላል።

የእናቴን ግቢ ጎረቤት ክንድ ክንድ እያለ ገፍቶት ነበር። ተከሰን ሳይሆን ከሰን ረታን። አጥሩ ግን የቆመው ወንድሜ ጥጉ ላይ አንዲት ክፍል ሠርቶ ከገባ በኋላ ነው። ወረቀቱ ባይኖር ደግሞ ክፍሏን ያፈርሱበት ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የምፅዋ ልጅ፦
ይሄ ገባኝ። ግን እነዚያ ወታደሮች አሳዘኑኝ። በሰኔ 2024 ግጭት አንዱ አውራ ጣቱን አጥቷል።

ካዛንቺስ፦
ልክ ነሽ። በቀጣዩ ወር ሁለቱ አገሮች ለመርከቧ ወታደሮች ስለሚላከው ስንቅ ጊዜያዊ መግባባት ላይ ደረሱ። እኔ ሚሳይሉን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ሆኖ መርከብ ስለሚመታ፣ የሚመጣው ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ያደርጋል።

ሜክሲኮ፦
የፊሊፒንስን ዓሣ አጥማጆች ማንም አላነሳም። ስካርቦሮ የሚባለው ሪፍ ከፊሊፒንስ ዋና ደሴት ከሉዞን 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ የሚቆጣጠረው ቻይና ነው። ፍርዱ እዚያ የማጥመድ የቆየ መብታቸው ተጥሷል ብሏል። እነሱ ግን እስካሁን ይባረራሉ። የመከላከያ ፖሊሲ ሲወጣ መጀመሪያ የእነዚህ ሰዎች መረብ ቢታሰብ ደስ ይለኛል።

የምፅዋ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። እሁድ ለአባቴ አነብለታለሁ። ስለ አሮጌዋ መርከብ ብዙ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ።