ቫዮሊን እጫወታለሁ፤ «ሶሎ ያዢ» ሲሉኝ ግን እጄ ይደርቃል

የሐሙስ ቫዮሊን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቫዮሊን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። የተማርኩት ክላሲካል ነው። ኖታ ፊቴ ካለ የቪቫልዲን ኮንቼርቶ ሳልፈራ እጫወታለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቦሌ አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት ከጓደኞቼ ጋር እንሠራለን። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና እኔ። እስካሁን የእኔ ድርሻ ዜማውን መጫወት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ብሉዝ ላይ ሆነን ጊታሪስቱ ዞር ብሎ «ያዢው!» አለኝ፤ ሶሎውን ማለቱ ነው፣ እነሱ እያጀቡኝ ብቻዬን እንድጫወት። ቦውን (መምቻውን) ክሩ ላይ አሳረፍኩት። ምንም አልመጣልኝም። አራት ባር ሙሉ፣ በየባሩ አራት ምት፣ ዝም አልኩ። ከዚያ የላ ማይነርን ስኬል (የድምፆቹን መሰላል) ወደ ላይ ወጣሁት፣ ወደ ታች ወረድኩት፣ አለቀ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስኬሎቹን አውቃቸዋለሁ። ኮርዶቹንም (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ መተንተን እችላለሁ። ያ ሁሉ እውቀት ሰዓቱ ሲደርስ የት እንደሚገባ ነው ያልገባኝ። በቫዮሊን ጃዝ ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ፣ ማለትም እዚያው እየፈጠሩ መጫወት፣ የተማራችሁ ካላችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ?

አራት ክር፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ያቺን ዝምታ በደንብ አውቃታለሁ። እኔ የደረሰችብኝ ፓሪስ ነው፣ በ34 ዓመቴ። እሁድ እሁድ ጊታሪስቶች የሚሰበሰቡበት አንድ ካፌ ነበር። ሦስት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ድራም የለም። የጃዝ ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊና ጊታሪስቱ ጃንጎ ሬይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1934 ያቋቋሙት ኩዊንቴት (የአምስት ሰው ቡድን) እንደዚያ ነበር፣ የካፌው ሰዎችም ያንኑ ይዘው ቀጥለዋል። ቫዮሊን ይዤ ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ተራዬ ሲደርስ ግን እንዳንቺው ስኬል ተጫወትኩ።

አንድ ሽማግሌ ጊታሪስት ቫዮሊኑን ወደ ሳጥኑ እንድመልሰው ነገረኝ። «አሁን በአፍህ ዝፈነው» አለኝ። አፈርኩ። ግን ዘፈንኩ። ከአፌ የወጣው ምን መሰለሽ? ባቲ፣ የኛው ቅኝት።

ከላ ስትነሺ ባቲ ማይነር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። የብሉዝ ተጫዋቾችም የሚነሱት ከእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። እነሱ በሬና በሚ መካከል ሚ ፍላትን (ከሚ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችውን) ይጨምሩባታል፣ ያቺ ናት ልዩነቷ። ይህን ድምፅ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ ስትሰሚው ኖረሻል። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ቫዮሊንሽን አስቀምጪና የጊታሩን ኮርድ በስልክሽ ቅጂልኝ። ከዚያ ሁለት ባር ዝፈኚ። የዘፈንሽውን ብቻ በቫዮሊን መልሺው፣ ምንም ሳትጨምሪ። አዝማሪ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ድሮ ካዛንቺስ ስንሄድ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ አዝማሪው የግጥሙን ቤት ሲመታ ማሲንቆው የመጨረሻዋን ሐረግ ተቀብሎ ይደግማታል፣ ከዚያ ትንሽ ያጣምማታል። አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። ያቺ ትንሽ መጣመም ኢምፕሮቪዜሽን ናት።

ቅኝቱ ብቻውን ግን ጃዝ አይሆንልሽም፤ ከሥር ኮርዱ ይንቀሳቀሳል። ሙላቱ አስታጥቄም የኛን አምስት ድምፅ ብቻውን አልተወውም፣ ከጃዝ ኮርድ ጋር ነው ያጋባው። ስለዚህ ኮርዱ ሲቀየር በጆሮሽ መያዝ አለብሽ። በቫዮሊን ደግሞ ይሄ ደስ የሚል ነገር አለው። የላ ብሉዝን ያዢ። በላ ሰባተኛ ኮርድ ላይ ዋናዎቹ ሁለት ድምፆች ዶ ሻርፕ (ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) እና ሶል ናቸው። ሶል በሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት፣ ዶ ሻርፕ በላ ክር ላይ ከፍ ያለ ሁለተኛ ጣት። ቤንዱ ወደ ሬ ሰባተኛ ሲሄድ ሁለቱም ግማሽ ድምፅ ብቻ ይወርዳሉ፤ ሶል ፋ ሻርፕ ይሆናል፣ ዶ ሻርፕ ደግሞ ዶ። ከላ ወደ ሚ ሰባተኛ ሲሄድ ሁለቱም ግማሽ ድምፅ ይወጣሉ፤ ሶል ሻርፕና ሬ። አለቀ። የብሉዙ አሥራ ሁለት ባር በሙሉ በሁለት ጣት ዙሪያ ነው የሚዞረው። ለአንድ ሳምንት ሌላ ምንም አትጫወቺ። በእያንዳንዱ ባር አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ። ሶል ወደ ፋ ሻርፕ ሲወርድ ኮርዱ ሲቀየር ይሰማሻል፣ ጊታሪስቱ ባይኖርም።

ባቲ ላይ ያለው ዶ ከኮርዱ ዶ ሻርፕ ጋር ይጋጫል ብለሽ እንዳትፈሪ። ብሉዙ ያለው እዚያ ግጭት ውስጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ጣት አንሸራቺያቸው።

የመጨረሻው ነገር ቦው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብዙ ዓመት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ክላሲካል የተማረ እጅ በቢቱ (በምቱ) ላይ የቦውን አቅጣጫ ይቀይራል፣ አራት አራት ድምፅ እያሰረ። እንደዚያ ሲሆን ትክክለኛ ድምፅ እየተጫወትሽ እንኳ ስዊንግ፣ ያ የጃዝ ውዝዋዜ፣ አይወጣም። ገልብጪው። ቦውሽን በቢቶቹ መካከል ባለችው አጭር ድምፅ ላይ ቀይሪና ከሚቀጥለው ቢት ጋር እሰሪያት። የጃዝ ቫዮሊኒስቱን ስተፍ ስሚዝን አዳምጪ፣ ቦውን አጭር አድርጎ ከበሮ ሲያደርገው ትሰሚያለሽ። ቪብራቶሽንም (የጣትሽን መንቀጥቀጥ) ቀንሺ። በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ከሆነ ያከብደዋል፤ ረጅም ድምፅ ጫፍ ላይ ብቻ ይበቃል።

ቤዝ ከጎተራ፦

አራት ክር የጻፉትን ሁሉ እስማማለሁ። ከቤዝ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። ሶሎ የሚይዝ ሰው ዝም ሲል እኛ አንቀየምም። እንደውም ደስ ይለናል፣ ቦታ እናገኛለን። አራቱን ባር ዝም ማለትሽ ስህተት አልነበረም። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጊና ምቱን ሁለትና አራት ብለሽ ቁጠሪው፣ አንድና ሦስት ብለሽ አይደለም። ያኔ የምትጫወቺው በ120 ነው ማለት ነው፣ አንድና ሦስቱን ራስሽ ትሸከሚያለሽ። መጀመሪያ ይጠፋብሻል። ከቀናት በኋላ ግን ከኛ ጋር ስትቆሚ ራሱ ይመጣልሻል።

ከሥልሳ ሁለት ባር በኋላ፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። መዝፈኑ ጥሩ ነው፣ ግን ቃላት የሌለው ሰው ምን ይናገራል? እኔ የተማርኩት ሶሎ በጆሮ በማውጣት ነው። አንድ ሶሎ ምረጪ፣ አጭር ይሁን፣ በስልክሽ ፍጥነቱን ቀንሺና ሐረግ በሐረግ ያዢው። ኖታ ላይ አትጻፊው። የቫዮሊን ተጫዋች ብቻም አትስሚ። ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፋ ሰው መተንፈስ አለበት፣ ሐረጉ ያልቃል። ቫዮሊን ላይ ቦው ስለማያልቅ ዝም ብለን እንቀጥላለን። ስትጫወቺ ከሐረጉ ጋር ተንፍሺ። ትንፋሽሽ ሲያልቅ ቦውሽም ይቁም።

ክላሲካል መማርሽን ደግሞ እንደ ሸክም አትይው። የጃዝ ቫዮሊኒስቷ ሬጂና ካርተር ዲትሮይት ውስጥ በሱዙኪ ዘዴ፣ በክላሲካል የልጆች ማስተማሪያ፣ ነው ያደገችው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን፣ ጄኖቫ ሄዳ በድሮው የክላሲካል ቫዮሊኒስት በፓጋኒኒ ቫዮሊን ጃዝ ተጫውታበታለች። ያንቺ ቴክኒክ የትም አይሄድም።

የሐሙስ ቫዮሊን፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ጋሼ አራት ክር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግኩ። መጀመሪያ ቀን ለመዝፈን በሩን ቆለፍኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴ ከኩሽና ሆና ተቀበለችኝ። የኔን ሐረግ ይዛ ጨረሰችው። እኔም በቫዮሊን መለስኩላት። እንዲህ ብለን ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን፣ ሽንኩርቱ እስኪያርር።

ትናንት ማታ ጊታሪስቱ ዞር ሲል ጠበቅኩት። ሁለት ባር ዝም አልኩ፣ ቤዙን አዳመጥኩ። ከዚያ ከሶል ጀመርኩ፣ ኮርዱ ሲቀየር ወደ ፋ ሻርፕ ወረድኩ። ድራመሩ ቀና ብሎ አየኝ። በቀሪው ሁሉ አምስት ስድስት ድምፅ ቢሆን ነው የተጫወትኩት። ቦው ግን ገና ነው፣ ሲፈጥን ወደ ድሮው ይመለስብኛል። ሶሎ ማውጣቱንም ጀምሬያለሁ፣ ስምንት ባር ላይ ነኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ ጋሼ። ሚ ሰባተኛ ላይ ሶል ሻርፑ ሁልጊዜ ዝቅ ይልብኛል። ምን ላድርግ?

አራት ክር፦

እናትሽን ሳሚልኝ። ሶል ሻርፕ የሁላችንም ችግር ናት፣ ጣቱ ሶልን ስለለመደ ወደዚያ ይጎትታል። አራተኛ ጣትሽን በሬ ክር ላይ ላ ላይ አስቀምጪ፤ ከባዶው የላ ክር ጋር አንድ ላይ ምቺውና አንድ ድምፅ እስኪሆን አስተካክዪ። አራተኛው ሳይነሣ ሦስተኛውን አስጠግተሽ አሳርፊ። ከዚያ አራተኛውን አንሺ። ጠዋት ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ቀስ ብለሽ።