አዘዞ ያለ የእንጨትና የብረት ወርክሾፕ፦ ለሥራ ደኅንነት ቁጥጥር ምን ይጎድለናል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር አዘዞ ውስጥ በር፣ መስኮትና የቤት ዕቃ የሚሠራበት ወርክሾፕ አለን። ሠራተኞቹ 9 ሲሆኑ አንዱ ገና 16 ዓመቱ ነው። የመጋዝ ማሽን፣ መላጊያ፣ ሁለት ግራይንደር፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ፣ የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር አሉን። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ሰምተናል። ለሁሉም ሄልሜት፣ ጓንትና መነጽር ገዝተናል። ሌላ ምን ይቀራል?

የማሽን ባለሙያ፦
መጀመሪያ መጋዝና መላጊያ ላይ የሚሠሩት ጓንታቸውን ያውልቁ። የሚሽከረከር ስለት የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ እጁንም ይዞ ይገባል። በጠዋት ብርድ የሚደረበው ጋቢና አንገት ላይ የሚጠመጠመው ፎጣም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ መጋዙን እዩት። ከስለቱ ጀርባ የምትቆመው መለያ ብረት በቦታዋ አለች? ከስለቱ ያላት ርቀት ከ8 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ብዙ ቦታ «ታስቸግራለች» ተብላ ትነቀላለች። ባህር ዛፍ ሲሰነጠቅ ተመልሶ ይገጥምና ስለቱን ይቆነጥጠዋል፤ መለያዋ ከሌለች እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ስለዚህ ከስለቱ ትይዩ ሳይሆን ጎን ይቆማል፤ የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋል።

ግራይንደር ላይ ትልቁ ጥፋት ጋርዱን (የዲስኩን መከለያ) አውጥቶ ከማሽኑ የሚበልጥ ዲስክ መግጠም ነው። የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት በደቂቃ 6,600 ዙር ነው። ትንሹ ግራይንደር ግን 11,000 ዙር አካባቢ ይሮጣል፤ ዲስኩ ይበተናል። ዲስኩ መካከል ያለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመውን የማብቂያ ጊዜም አንብቡ። መቁረጫ ዲስክ በጎኑ አይሞርድም።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲሄድ ማብሪያው እንደበራ ይቀራል፤ ሠራተኛው እጁን አስገብቶ ሰጋቱራ ሲጠርግ መብራት ከመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። መፍትሔው ኮንታክተር (መብራት ሲሄድ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ) ያለው ማስነሻ ነው፤ መብራት ሲመለስ አረንጓዴው ቁልፍ ካልተጫነ አይነሳም። እስኪገጠም ድረስ መብራት በሄደ ቁጥር ዋናውን ብሬከር ማውረድ ግዴታ ይሁን።

የብየዳ አሠልጣኝ፦
የእናንተ አደጋ እንጨትና ብየዳ አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ነው። የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ይሄዳል። ሰጋቱራ ውስጥ ከገባ ሳይነድ እየጨሰ ቆይቶ ሰው ከሄደ በኋላ ይነሳል። ብየዳ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት አንድ ሰው ይጠብቅ። ሰጋቱራ በኮምፕረሰር አይነፋም፤ ደቃቁ አየር ላይ ይንሳፈፍና ለሳንባም ለእሳትም ይሆናል።

የኦክስጅንና የአሴቲሊን መጠባበቂያ ሲሊንደሮች በ6 ሜትር ይለያዩ፤ ቦታ ከጠበበ የማይቃጠል 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ መካከላቸው ይቁም። ሁሉም ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ። የኦክስጅን ሬጉላተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ዘይት ወይም ግሪስ እንዳይነካው፤ ከኦክስጅን ጋር በግፊት ሲገናኝ በራሱ ይቀጣጠላል። ከሬጉላተሩ የሚወጣው የአሴቲሊን ግፊት ከ1 ባር አይበልጥ። ጋዝ መውጣቱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት ፈጽሞ አይሞከር።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ የሚበየድ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ዚንክ አስቀድሞ ይነሳ፣ በሩም ይከፈት። ጭሱን የሳበ ሠራተኛ ከሰዓታት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፤ ወባ ወይም ጉንፋን ይመስላል። ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም፤ ይህ ልማድ ሰውን እያዘናጋ ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ፦
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አንብቡ። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ መከላከያ መስጠት፣ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መመዝገብና ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ፣ የደኅንነት ኃላፊ መመደብ የአሠሪው ግዴታ ነው። መነጽሩንና ጫማውን ለማን እንደሰጣችሁ በቀንና በፊርማ ያዙ። የጉዳት መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ ማሽኑ፣ የተጎዳው አካል፣ ምስክርና ከዚያ በኋላ የተስተካከለው ነገር ይጻፍ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ከሆነ መዝገቡ ዋጋ የለውም። ከቁጥጥሩ በፊት ባለው ምሽት በአንድ ብዕር የተሞላ መዝገብም ያስታውቃል።

ልጁን በተመለከተ፦ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ አይመደብም። ከዛሬ ጀምሮ ከመጋዝ፣ ከግራይንደርና ከብየዳ ያርቁት፤ ልኬትና ገጠማ ላይ ያሠሩት። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሌሊትም ሆነ በበዓል አይሠራም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዳት ደርሶ ሠራተኛ ቢተኛ ደመወዙስ? የእሳት ማጥፊያውስ ብየዳው አጠገብ ይሰቀል?

የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ፦
ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ 6,000፣ ከዚያ 4,500፣ ከዚያ 3,000 ማለት ነው። ሕክምናው ለብቻው ነው።

የብየዳ አሠልጣኝ፦
ማጥፊያው መውጫው በር አጠገብ ይሰቀል፤ እሳቱ ብየዳው ላይ ከተነሳ እዚያ ያለውን ማንም ደርሶ አያነሳውም። 6 ኪሎ የዱቄት ዓይነት ይሁን፤ በየወሩ የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን አይታችሁ ፈርሙ። ለሚጨስ ሰጋቱራ ግን ዱቄቱ ላዩን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፍታችሁ በውኃ አርሱት። በርሜል ውኃና ባልዲ አይጥፋ።