ቀይ ቀበሮን ከጎሬው አጠገብ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

አወያይ (ደሴ)፦ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ወይም በኩታበር በኩል ወደ ደላንታ ደጋ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሁሉ፣ ቀይ ቀበሮ በሚወልድባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወደ ጎሬው እንዳይጠጋና ፎቶው የተነሣበትን ቦታ እንዳይገልጽ እንስማማ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ ሐሳቡን አልደግፍም። በቦትስዋናና በዚምባብዌ እንደ ቀይ ቀበሮ ሁሉ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበትን ተኩላ (በእንግሊዝኛ African wild dog የሚባለውን) ፎቶ ለማንሳት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፋል፤ የሚገኘውም ገቢ ለጥበቃው ይውላል። እኛ ዘንድ ግን አዋቂው ከ500 የማይበልጠውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለውን እንስሳ የወሎ ልጅ እንኳ በዐይኑ አላየውም። ያላየውን ማን ይጠብቅለታል?

የእንስሳት ሐኪም (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ ምሳሌው የሚገጥም አይመስለኝም። ተኩላ በመንጋ እያሳደደ ስለሚያድን በመኪና ሊከተሉት ይቻላል። ቀይ ቀበሮ ግን በቡድን ቢኖርም በቀን ብርሃን ብቻውን ያድናል፦ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን ከሣሩ አጣብቆ አይጧ ብቅ እስክትል ያደፍጣል፤ በዚያች ቅጽበት የአንድ ሰው ኮቴ ከተሰማ አደኑ ከሸፈ ማለት ነው። ጎሬው ሲረበሽ ደግሞ እናቲቱ ቡችሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች ወደ ሌላ ጎሬ ታዛውራለች፤ በቡድኑ ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች፣ የእነዚያ ቡችሎች መሞት የዓመቱ ትውልድ በሙሉ ቀረ ማለት ነው።

ይሁንና ክርክሩ ስለ ካሜራ ብቻ መሆኑ አያረካኝም። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከሰው ውሻ የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ መንገድ መሪውን ተከትሎ የሚወጣው ውሻ ከየትኛውም ሌንስ ይልቅ ያሰጋኛል፤ ፎቶ አንሺው የጣለው የምግብ ትራፊም ያንኑ ውሻ ወደ ስፍራው ያስለምደዋል።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ የውሻውን ነገር እቀበላለሁ። ቦታ አለመግለጹ ግን ጉብኝቱን ስውር ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ሣሩን መቼ ማጨድ እንደሚፈቀድ በቆየ ሥርዐት እየወሰነ ሜዳውን ጠብቋል፤ ቀበሮውም እዚያው ይኖራል። ደላንታ ላይም የሚወስነው የደጋው ገበሬ እንጂ ከከተማ የምንወጣው እኛ መሆን የለብንም።

መምህርት (ደሴ)፦ ገበሬው ይወስን ከተባለ የጉብኝቱ ክፍያም ለእርሱ ይድረሰው፤ እስካሁን ከፎቶው የሚጠቀመው ባለ ካሜራው ብቻ ነው። ድሮን ግን በጎሬ ላይ ፈጽሞ ይከልከል፤ በዚህ እንኳ የምንለያይ አይመስለኝም።

አወያይ (ደሴ)፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላሻሽል፦ በመውለጃው ወራት ወደ ጎሬ መጠጋት፣ ድሮን ማስነሣትና ውሻ አስከትሎ መውጣት ይቅር፤ ቦታን የመግለጹን ጉዳይ ግን የደላንታና የቦረና ሽማግሌዎች በተገኙበት ብንነጋገርበት ይሻላል።