የብሪታንያ የበረዶ ሆኪ ክለቦች አዳራሽ እየሞሉ ለምን ይከስራሉ?

ጥያቄ፦ ሸፊልድ ነዋሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በሸፊልድ መኖር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። የበረዶ ሆኪን ግን በቅርብ ያወቅሁት ልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ተከትሎ የከተማችን ቡድን የስቲለርስ ደጋፊ ከሆነ በኋላ ነው፤ እርሱን ላደርስ ብዬ የሄድኩበት አዳራሽ እኔንም አስቀረኝ። ቡድኑ በ2023–24 የውድድር ዘመን ሊጉን፣ ቻሌንጅ ካፑንና ከሊጉ በኋላ የሚደረገውን የጥሎ ማለፍ (የፕሌይኦፍ) ዋንጫ ጠቅልሎ ሲወስድ ከልጄ ይበልጥ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ያልገባኝ ነገር አለ። አዳራሹ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ተሞልቶ እያየሁ፣ ከጎኔ የሚቀመጡት የቆዩ ደጋፊዎች የሚያወሩት ግን ስለ ገንዘብ ችግር፣ በውድድር ዘመን አጋማሽ ስለ ፈረሱ ክለቦችና «ባለቤቱ የሰለቸው ዕለት ምን ይውጠናል» ስለሚል ስጋት ነው። እኛ በለመድነው የአገራችን እግር ኳስ ከክለቡ ጀርባ ባንክ፣ መከላከያ ወይም የከተማ አስተዳደር ይቆማል፤ ደመወዝ ቢዘገይ እንኳ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አለ። እዚህ ግን አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ቤተሰብ ክለቡን እንደ ሱቅ ይዞት አያለሁ። ለመሆኑ ይህ ስፖርት ገቢው ከየት ነው? ወጪውስ ለምን ይበልጠዋል? ጥሩ ባለቤት የሚባለውስ ምን ዓይነት ሰው ነው? የሚቀጥለውን ዓመት ትኬት ለሁለታችንም ልገዛ ስለሆነ ጥያቄው ለእኔ ተራ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም።

መልስ 1፦ ሒሳብ ሠራተኛው

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በሙያዬ የአነስተኛ ኩባንያዎችን ሒሳብ ስለምሠራና ራሴም የኖቲንግሃም ፓንተርስ ደጋፊ ስለሆንኩ የምችለውን ያህል ልመልስ።

ከመግቢያ ዋጋው እንጀምር። ትኬቱ 24 ፓውንድ ነው እንበል። ከዚህ ላይ 4 ፓውንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ክለቡ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባዋል እንጂ የራሱ ገንዘብ አይደለም። ከቀረው ላይ የአዳራሹ ኪራይ፣ የጥበቃው፣ የሕክምና ባለሙያውና የዳኞቹ ክፍያ ይነሳል። በእረፍት ሰዓት ልጅዎ የሚገዛው ምግብና መጠጥ፣ እርስዎ ለመኪና ማቆሚያ የሚከፍሉት ገንዘብ በአብዛኛው የሚገባው ወደ አዳራሹ ባለቤት ካዝና ነው። በእግር ኳስ ክለቦችን የሚያኖረው የቴሌቪዥን ገቢ በዚህ ስፖርት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ክለቡ የሚኖረው በሩን አልፎ በሚገባው ሰው፣ በአካባቢው ስፖንሰሮችና በማሊያ ሽያጭ ነው።

ወጪው ደግሞ ተመልካች መጣም ቀረም የማይቀንስ ነው። የቡድኑ አብዛኛው ተጫዋች ከካናዳ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ስለሆነ ክለቡ ከሳምንታዊ ደመወዝ ሌላ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ መኖሪያ ቤት፣ ብዙ ጊዜም መኪና ያቀርባል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስቴ የሚሰበረው የሆኪ ዱላ ሳይቀር ከክለቡ ኪስ ይወጣል። በ54 ጨዋታ የሊግ መርሐ ግብር ውስጥ ክለቡ በሜዳው የሚጫወተው 27ቱን ብቻ ነው፤ የዋንጫ ጨዋታዎች ጥቂት ይጨምሩበታል። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በፀደይ ተጠናቆ እስከ መስከረም ድረስ በሩ ይዘጋል።

በዚህ የበጋ ክፍተት ክለቡን የሚያኖረው እርስዎ ሊገዙት ያሰቡት የዓመት ትኬት ነው። በሒሳብ ቋንቋ ያ ገንዘብ ገና ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ፣ ማለትም ዕዳ ነው፤ ደጋፊው ወለድ ሳይጠይቅ ለክለቡ ያበደረው ብድር ማለት ነው። ጤናማ ክለብ ለመጪው ዘመን ያስቀምጠዋል፤ የተቸገረው ግን ያለፈውን ዓመት ዕዳ ይከፍልበትና በጥር ወር ባዶ እጁን ይቀራል። በዓመቱ መካከል የሚፈርሱ ክለቦችን ስታዩ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የተበላሸው በቀደመው በጋ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ዋናው በሽታ የምለው ሌላ ነው፦ ክለቦቹ ተከራዮች ናቸው። የእግር ኳስ ክለብ ቢከስር እንኳ ስታዲየሙና መሬቱ የራሱ ሊሆን ይችላል። የበረዶ ሆኪ ክለብ ግን ያለው ስሙ፣ ማሊያውና የጥቂት ወራት ውል ነው። የኤደንብራ ካፒታልስን ዕጣ ያስታውሱ፤ በ2018 የመሪፊልድ የበረዶ ሜዳ ውል ለሌላ ቡድን ሲሰጥ ከ1998 ጀምሮ የነበረው ክለብ በአንድ የኪራይ ውሳኔ ከሊጉ ወጣ።

መልስ 2፦ የጥንቱ ማንቸስተር

የሒሳብ ባለሙያው ስለ ወጪና ገቢ የጻፈው ትክክል ነው። «ዋናው በሽታ ተከራይነት ነው» በሚለው ግን አልስማማም፤ የራሱ በረዶ ያለው ክለብም ሲወድቅ አይቻለሁና።

እኔ ወደ ማንቸስተር የመጣሁት የከተማው የሆኪ ክለብ ስቶርም ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን ነው። የካቲት 23 ቀን 1997 ከሸፊልድ ጋር ባደረገው ጨዋታ 17,245 ሰው ገብቶ በጊዜው የአውሮፓ ክብረ ወሰን ሆነ። የክለቡ ባለቤት አዳራሹን ያስተዳድር የነበረው ኦግደን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ ማለትም ኪራይ ከፋዩና ኪራይ ተቀባዩ አንድ ነበሩ። ለኦግደን ግን ሆኪው ባዶ ምሽቶችን መሙያ እንጂ ዋና ሥራው አልነበረም። አዳራሹ ወደ ሌላ አስተዳዳሪ ሲዛወር ክለቡ የእንጀራ ልጅ ሆነ፤ ለሌላ ባለቤት ተላልፎ በኅዳር 2002 ፈረሰ። በዚያው ወር የስኮትላንዱ ኢግልስም ፈረሰ።

የኢግልስ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ቢል ባር የተባለው የግንባታ ባለሀብት በኤር አቅራቢያ ሴንትረም የተባለውን አዳራሽ ራሱ ሠርቶ ለቡድኑ ሰጠው፤ ቡድኑም በ1997–98 በአገር ውስጥ ያለውን ዋንጫ ሁሉ ሰበሰበ። ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት ባለቤት ይመጣል? ሆኖም በዚያ አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ተመልካች የዚያን ደረጃ ደመወዝ ሊሸከም አልቻለም፤ ቡድኑ በ2002 ወደ ግላስጎው አካባቢ ወደ ብሬይሄድ ቢዛወርም ጥቂት ጨዋታዎችን አድርጎ ቆመ።

ሁለቱ የተጫወቱበት ሱፐርሊግ በ1996 በስምንት ክለቦች የተጀመረ፣ በትላልቅ አዳራሾችና በውጭ ተጫዋቾች ላይ የተመሠረተ ሕልም ነበር። የቀድሞው የኒውካስል ዩናይትድ ሊቀ መንበር ሰር ጆን ሆል እንኳ ስመ ጥሩውን ደርሃም ዋስፕስ ገዝቶ መጀመሪያ ወደ ሰንደርላንድ፣ ቀጥሎም ኮብራስ ብሎ ወደ ኒውካስል ወሰደው። ደርሃም ከዚያ በኋላ በ1996 የበረዶ ሜዳዋንም አጣች። (ክለብን ከከተማው ነቅሎ መውሰድ ችግኝን ያለ አፈሩ እንደ መንቀል ነው፤ ሰር ጆንም ብዙ ሳይቆይ ሸጠው።) በ2003 ሱፐርሊጉ ሲያበቃ የቀሩት አምስት ብቻ ነበሩ። የዛሬው ኤሊት ሊግ ከዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆመ።

ስለዚህ የእኔ መልስ፣ ክለብን የሚገድለው በከተማው ልክ ያልተሰፋ ደመወዝ ነው። ጎረቤት ክለብ አንድ ጥሩ አጥቂ ሲያስፈርም የእኛም ባለቤት ላለመሸነፍ ሌላ ያስፈርማል፤ ሁሉም እኩል ወጪ ጨምሮ ዋንጫውን የሚወስደው ግን አንድ ነው።

መልስ 3፦ ካርዲፍ

ሁለታችሁም ስለ አዳራሽና ስለ ደመወዝ ስትነጋገሩ የባለቤቱን ጠባይ ዘነጋችሁት። የካርዲፉ ክለብ ዴቭልስ ሦስቱንም መከራ ስላየ እርሱን ላንሳ።

በ2001 ክለቡ በኪሳራ ከሱፐርሊጉ ወጥቶ አዲስ ባለቤት ሲይዘው ብዙ ደጋፊዎች አድመው አልገባም አሉ። ደጋፊ የክለቡ አክሲዮን ባይኖረውም በሩን ባለመርገጥ ብቻ ባለቤቱን ማንበርከክ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ፤ ግን በዚያው ልክ የሚወደውን ክለብ ይጎዳል። በ2006 ደግሞ የከተማው መሃል የበረዶ አዳራሽ ለገበያ ማዕከል ግንባታ ሲባል ፈረሰ። ክለቡ ለወራት ያለ ቤት ተንከራትቶ በካርዲፍ ቤይ ወደ ተተከለ ጊዜያዊ አዳራሽ ገባ። ሕዝቡ «ሰማያዊው ድንኳን» ይለው ነበር። ጊዜያዊ የተባለው እስከ 2016 ቆየ፤ በእኛ አገር «ለጊዜው» ተብሎ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ትዝ ይለኝ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ2014 የካናዳ ባለሀብቶች ቡድን ክለቡን ሲረከብ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ኮከብ ተጫዋች መግዛት አልነበረም፤ ቀድሞ በቤልፋስት ጃይንትስ የተጫወተውንና ያስተዳደረውን ቶድ ኬልማንን አምጥተው ቢሮውን አስረከቡት። ድንኳኑ ውስጥ እያሉ እንኳ ሰው መግባት ጀመረ፤ በ2015 ቻሌንጅ ካፕ፣ በ2017ና በ2018 የሊጉ ዋንጫ መጣ። 3 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው አዲሱ አዳራሽ የተከፈተው በመጋቢት 2016 ነው። ከሸፊልዱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ትንሽ አዳራሽ ከግማሽ ባዶ ትልቅ አዳራሽ ይሻላል፤ ትኬት ያልቃል የሚል ስጋት ያለበት ከተማ ውስጥ ሰው የዓመት ትኬት ቀድሞ ይገዛልና።

ለጠያቂው «ጥሩ ባለቤት ማን ነው» የምመልሰው፣ ኪሱ ጥልቅ የሆነው ሳይሆን፣ የእርሱን ኪስ ሳይነኩ ክለቡ እንዲኖር ቢሮ የሚያደራጅ ነው።

መልስ 4፦ ሒሳብ ሠራተኛው

የማንቸስተሩ ወንድማችን ስለ ኢግልስ ያነሳው አጥጋቢ ነው፤ የአዳራሽ ባለቤትነት ብቻውን እንደማያድን እቀበላለሁ። ሆኖም ከስቶርም ጎን ቤልፋስትን ያስቀምጡ። በዚያም ክለቡና አዳራሹ በአንድ እጅ ናቸው፤ ልዩነቱ ያ እጅ ኦዲሲ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆኑ ነው። ድርጅቱ ለባለ አክሲዮን ትርፍ የማከፋፈል ግዴታ ስለሌለበት ጥያቄው «ይህ ክለብ ምን ያህል ያተርፋል» ሳይሆን «ይህን አዳራሽ ስንት ምሽት በሰው ይሞላል» የሚል ይሆናል። አንድ ዓይነት አደረጃጀት፣ ዓላማው ሲለያይ ውጤቱም ተለያየ።

ማንቸስተር ራሱም የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። ከስቶርም በኋላ የተቋቋመው ፊኒክስ በ2015 ከአልትሪንቻም የበረዶ ሜዳ ወጥቶ «የሜዳው» ጨዋታዎችን ዌልስ ውስጥ ዲሳይድ ድረስ ሄዶ ለመጫወት ተገደደ፤ በጥር 2017 አበቃለት። በዚያው 2015 የሃል ስቲንግሬይስ ሲፈርስ ቦታውን የያዘው የስቶርምን ስም ያነሣ አዲስ ክለብ ነው፤ የገባውም ፊኒክስ በለቀቀው በረዶ ላይ ነው። ሃልም ቢሆን በ2010 ሊፈርስ ሲል ያዳኑት በዚያው ሊግ የሚወዳደረው የኮቨንትሪ ብሌዝ ባለቤቶች ነበሩ። ለተቸገረው ክለብ በጎ ሥራ ነው፤ ለውድድሩ ንጽሕና ግን ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖችን አንድ እጅ መያዙ ደስ አይልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የወረርሽኙ ጊዜ የዚህን ስፖርት እርቃን አሳይቶናል፤ ያለ ተመልካች መጫወት ኪሳራ ስለሆነ ኤሊት ሊጉ የ2020–21 ውድድሩን ጨርሶ ተወው። መንግሥት በኅዳር 2020 ለስፖርቶች ካሳወቀው 300 ሚሊዮን ፓውንድ ውስጥ ለበረዶ ሆኪ የደረሰው 4 ሚሊዮን ነበር። በ2021 ፀደይ አራት ክለቦች ብቻ ኖቲንግሃም ተሰብስበው አጭር ውድድር አደረጉ።

ጠያቂው፦ ሸፊልድ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የቆዩት ደጋፊዎች ለምን እንደሚያጉረመርሙ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ ትኬቱን ከመግዛቴ በፊት ክለቡ እንዴት እንዳለ እኔ ተራው ሰው ማወቅ እችላለሁ? ቢፈርስስ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?

መልስ 5፦ ሒሳብ ሠራተኛው

ይችላሉ። ክለቦቹ አብዛኞቹ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ኩባንያዎች ስለሆኑ ዓመታዊ ሒሳባቸው በመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባል። ትናንሽ ኩባንያዎች የትርፍና ኪሳራ መግለጫቸውን ላያሳዩ ይችላሉ፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ግን ይኖራል። እዚያ ላይ «በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ዕዳ» የሚለውን መስመር ካለፈው ዓመት ጋር ያስተያዩ። ዕዳው ትልቅ ሆኖ አበዳሪው ራሱ ባለቤቱ ከሆነ ክለቡ የቆመው በእርሱ መልካም ፈቃድ ነው ማለት ነው። ሒሳቡን በቀነ ገደቡ የማያስገባ ክለብም ያጠራጥራል።

ክለቡ ቢፈርስ የዓመት ትኬት የያዘ ደጋፊ መያዣ ከሌላቸው አበዳሪዎች ጋር በሰልፉ መጨረሻ ስለሚቆም ከዚያ በኩል ብዙ አይጠብቁ። ነገር ግን በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት የአንዱ ትኬት ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና በክሬዲት ካርድ ከከፈሉ፣ ሻጩ አገልግሎቱን ሳይሰጥ ቢቀር ካርዱን የሰጠዎትን ባንክ መጠየቅ ይችላሉ። በዴቢት ካርድ ወይም በባንክ ዝውውር ሲከፍሉ ይህ ሕጋዊ መብት የለም። የልጅዎ ትኬት በቅናሽ ከ100 ፓውንድ በታች ከሆነ ደግሞ ከእርስዎ ትኬት ጋር በአንድ ደረሰኝ ቢከፈልም ለብቻው ስለሚታይ አይሸፈንም።