ሳልሞኔላ ደግሞ ፓስፖርት አለው?

የኮቺ ልጅ፦ ጠዋት እዚህ ግሩፕ ላይ «የሀበሻ ዶሮ ንፁህ ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ከነፓስፖርቱ ከፈረንጅ ጫጩት ጋር ነው የገባው» ያለው ማነው? ህዝቡን ለምን ታስፈራራላችሁ፣ እናቴ እኮ የፈረንጅ እንቁላል ሸጣ ነው ያስተማረችኝ

ጋሽ ሄርማታ፦ እኔ ነኝ። ከኪሴ አላወጣሁትም። በፈረንጅ 2021 የአሜሪካው ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ98 አገር ከ30 ሺህ በላይ ጂኖም (ሙሉ የዘር ጽሑፍ) ኢንቴሪቲዲስ ከሚባለው የሳልሞኔላ ዓይነት አስተያይተው መንገዱ ለዘር የሚሸጥ የእርባታ ዶሮ ንግድ ነው ብለዋል። አያት ዶሮውን፣ የሌሎቹ ዘር የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ የያዙት ጥቂት ካምፓኒዎች ናቸው፣ እናቲቱን ከያዛት በእንቁላሉ ውስጥ ይወርዳል፣ አለቀ

የኮቺ ልጅ፦ ቪዛውን ማን መታለት ጋሼ? 😂

ቬት ነኝ፦ መሳቁን ትተህ ስማ፣ ባክቴሪያው ሲራባ ጂኖሙ ላይ አልፎ አልፎ ፊደል ይሳሳታል፣ ስህተታቸው ከተመሳሰለ ዘመድ ናቸው ማለት ነው፣ ዝምድናው በዛ ነው የሚቆጠረው። ግን ጋሼ ጥናቱ የዓለምን ነው ያወራው፣ የኛን የጅማን ዶሮ ማን መረመረና ነው?

ጋሽ ሄርማታ፦ ጅማ ከዓለም ውጪ ናት?

እሙ ዶሮ፦ እኔ ግን «ንፁህ» የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። የሀበሻ ዶሮ ቆሻሻ ላይ ስትጭር ውላ ንፁህ? ደሞ በፈረንጅ 2016 ከ45 አገር 675 ናሙና ታይቶ አፍሪካ ውስጥ ለብቻው የተለየ ኢንቴሪቲዲስ ተገኝቷል፣ ደም ውስጥ የሚገባው ክፉው እሱ ነው፣ ከዓለሙ የዶሮና የእንቁላል ዘር ጋር አንድ አይደለም። እሱስ በየት ኤርፖርት ገባ?

ጋሽ ሄርማታ፦ ስለ ዶሮ እያወራን ደም ውስጥ ገባሽ

እሙ ዶሮ፦ ፓስፖርት ያሉት እርስዎ!

ጂም ቦይ፦ ቆይ እኔ በየጠዋቱ አራት ጥሬ እንቁላል ነው የምጠጣው፣ ላቁም?

ቬት ነኝ፦ አቁም

ጂም ቦይ፦ የሀበሻ ከሆነስ?

ቬት ነኝ፦ 🤦 ቀቅለህ ብላው ወንድሜ

የኮቺ ልጅ፦ አያችሁ? ነገ እናቴ ጋ የሚገዛ አይኖርም። በፈረንጅ 1988 የእንግሊዟ የጤና ምክትል ሚኒስትር ኤድዊና ከሪ አብዛኛው የእንቁላል ምርታችን ሳልሞኔላ አለበት አለችና ገበያው ተናጋ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ስልጣኗን ለቀቀች። ጋሼም ከአድሚንነት ይልቀቁ

ጋሽ ሄርማታ፦ ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ለማን ነው የምለቀው?

እሙ ዶሮ፦ ለሀበሻ ዶሮ፣ ንፁህ ናት ብለዋል አይደል