የደም ቅዳና የደም መልስ ሕመም ተምታታብኝ፣ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜዲካል ሰርጂካል የሚባለውን ኮርስ እየወሰድኩ ነው። የእግር ደም ስር ሕመሞች ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ዞረ። የአርተሪው (የደም ቅዳው) እና የቬይኑ (የደም መልሱ) ምልክቶች ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግልጽ ናቸው። ደብተሩን ስከድን ሁሉም ይቀላቀልብኛል።

አንዱ የተቸገርኩበት የመለማመጃ ጥያቄ ነው። ታማሚው የ62 ዓመት ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ሲጋራ ያጨሳሉ። ትንሽ ሲራመዱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፣ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። የእግር ጣታቸው ጫፍ ላይ ቁስል አለ። ነርሷ ምን ታድርግ? ምርጫዎቹ፦ እግራቸውን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ኮምፕሬሽን ስቶኪንግ (እግርን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ) ማልበስ፣ በላስቲክ የተያዘ ሙቅ ውሃ እግራቸው ላይ ማድረግ፣ እግራቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያርፉ መርዳት። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን መረጠች፣ እኔ የመጨረሻውን። ለምን ስትለኝ ግን ማስረዳት አቃተኝ።

ሌላው የዋርድ ነው። አንዲት እናት ከውስጥ ቁርጭምጭሚታቸው በላይ ሰፊ ቁስል አለባቸው። እግራቸው አብጧል፣ ቆዳው ጠቁሯል። ጠበቅ ያለ ፋሻ ሊታሰርላቸው ነበር። የእግራቸው ምት ሲፈለግ ስላልተገኘ ፋሻው ይቆይ ተባለ። ቁስሉ የቬይን ከሆነ የአርተሪ ምት ምን አገባው?

ሲስተር ሕ፣ ዋርድ ነርስ፣ አዲስ አበባ

ምርጫሽ ልክ ነው። ምክንያቱን ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከእግሩ አውጪው። ደም ቅዳ ሲጠብ ነገሩ እንደ ሰፈራችን ውሃ ነው፤ ግፊቱ ያንስና መጨረሻው ቤት ሳይደርስ ይቀራል። መጨረሻው ቤት የእግር ጣት ነው። እግሩን ከፍ ካደረግሽው ያቺኑ ትንሽ ደም ዳገት አስወጣሻት። ለዚህ ነው ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች ሌሊት እግራቸውን ከአልጋ አንጠልጥለው የሚያድሩት። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያነጉም አሉ። ታሪክ ስትወስጂ "ሌሊት እግርዎን ምን ሲያደርጉት ይሻልዎታል?" በያቸው። ግማሹ ሥራ እዚያ ላይ ያልቃል።

የደም መልስ ተቃራኒው ነው። ደሙ እግር ደርሷል፤ መመለሱ ነው ያቃተው። ቫልቮቹ (ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች) በደንብ ስለማይዘጉ ደሙ ተመልሶ ይወርዳል፣ ግፊት ይጠራቀማል፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ እግር ያብጣል። ቀይ የደም ሴሎችም አብረው ሾልከው ይወጣሉ። ሲፈርሱ ብረታቸው ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የእኚያ እናት ቆዳ የጠቆረው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቆሞ ሲውል እግሩ ይከብደዋል፣ ከፍ አድርጎ ሲያርፍ ቅልል ይለዋል።

ቁስሉም ቦታውን ያውቃል። የደም ቅዳው ጣት ጫፍ፣ ተረከዝና ውጭኛው ቁርጭምጭሚት ላይ ይወጣል። ትንሽ ግን ጥልቅ ነው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ በጣም የሚያም። የደም መልሱ ሰፋ ያለና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፣ ፈሳሹ ፋሻ ያርሳል።

ሙቅ ውሃ የሚለውን ምርጫ እርሺው። ስኳር የቆየበት እግር ብዙ ጊዜ ስሜቱ ደክሟል። እግራቸውን ከሰል ምድጃ ዳር ሲያሞቁ ሳይሰማቸው ተቃጥለው የሚመጡ አሉ። የማያጠብቅ ካልሲ ይበቃል።

የመውጫ ፈተና ተፈታኝ

እኔ የያዝኩት "ቅዳ ቁልቁል፣ መልስ ሽቅብ" ብዬ ነው። ግጥምነቱ አይወራም፣ ግን አይጠፋም 😄

የቁስል ክሊኒክ ነርስ፣ ሚኒያፖሊስ

የዋርዱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ለቬይን ቁስል ዋናው ሕክምና ጠበቅ ያለ ፋሻ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንድ እግር ሁለቱንም ሕመም ሊይዝ ይችላል። በተለይ ዕድሜ፣ ስኳርና ሲጋራ ሲጨመሩበት። ደም ቅዳው የጠበበበትን እግር አጥብቀሽ ካሰርሽው የቀረችውን ደም ዘጋሽ ማለት ነው። ቆዳው ይሞታል፣ እግሩም እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ፋሻውን "ይቆይ" ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ምቱ በእጅ አለመገኘቱ ብቻውን ደም የለም ማለት አይደለም። እብጠት ይደብቀዋል። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎችም የእግር ጀርባው ምት አይገኝም። አፈላለጉ እንዲህ ነው። የእግር አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ንገሪያቸው፤ ጅማቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከጅማቱ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሁለት ወይም ሦስት ጣትሽን በስሱ አሳርፊ። በአውራ ጣትሽ አይሁን፣ የራስሽን ምት ትቆጥሪያለሽ። ጠንክረሽ ከተጫንሽም ራስሽ ትዘጊዋለሽ። ሁለተኛው ምት ከውስጥ ቁርጭምጭሚት ጀርባ ነው። ስታገኚው በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት፣ የሌሊቷ ነርስ ትመርቅሻለች።

ካልተገኘ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ይመጣል፣ ኤቢአይ (የቁርጭምጭሚት ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ሲነጻጸር) ይለካል። ታማሚው በጀርባቸው ተኝተው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፉ። የሁለቱንም ክንድ የላይኛውን ግፊት ለኪ፣ ከፍ ያለውን ያዢ። በየእግሩ ቁርጭምጭሚት ላይም ሁለቱን ምቶች ለክተሽ ከፍ ያለውን ያዢ። ከዚያ የቁርጭምጭሚቱን ለክንዱ አካፍይ። ቁርጭምጭሚቱ 84፣ ክንዱ 140 ከሆነ 0.6 ነው። ከ1.0 እስከ 1.4 ጤነኛ ነው፣ 0.90ና ከዚያ በታች የደም ቅዳ ሕመም ነው። ለፋሻ ደግሞ በተለምዶ ከ0.8 በላይ ሲሆን ሙሉው ይታሰራል። በ0.5ና በ0.8 መካከል የላላ ፋሻ በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው። ከ0.5 በታች አይታሰርም።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ፈተናም ይወደዋል። ስኳር ወይም የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደም ቅዳው በካልሲየም ሊደርቅ ይችላል፣ ከፉም (ግፊት ለመለካት የሚታሰረው ጨርቅ) ሊጫነው ያቅተዋል። ውጤቱ ከ1.4 በላይ ይሆናል። "ኧረ በጣም ጥሩ ነው" ብለሽ እንዳታልፊው። የዚህን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ግፊት ነው የሚለካው።

ሌላው ደግሞ መጽሐፎቻችን በብዛት የሚገልጹት ነጭ ቆዳን ነው። "ገረጣ"፣ "ቀላ" የሚሉት ነገር በእኛ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። መርገጫውን፣ ጥፍሩን ተመልከቺ። በእጅሽ ጀርባ የሁለቱን እግር ሙቀት አነጻጽሪ። የቬይኑን "ቡናማ" ቀለምም እኛ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የምታገኚው።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር ሕ እርስዎንም። ተጨማሪ ልጠይቅ። ታዲያ ያበጠ እግር ሁሉ የቬይን ነው? የአንዷ ታማሚ ቤተሰቦች "ወጌሻ ይሽልን" እያሉ ነው፣ ምን ልበላቸው?

ጤና መኮንን፣ ጎጃም

አይደለም። ወጌሻ ከመጠራቱ በፊት እብጠቱ መቼ እንደጀመረ ጠይቂ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ባት ላይ ካመመ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው የረጋ ደም ነው። አራስ፣ ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ለብዙ ቀን የተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ይብስ። ያንን እግር ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ለቤተሰብ በግልጽ ንገሪ፦ "ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፣ አልትራሳውንድ ሳይታይ ማንም አይሸው።" ሽማግሌም ቢሆኑ ይሰሙሻል፣ ምክንያቱን ካስረዳሻቸው። እግርን ወደ ላይ አጥፎ "ባትዎን ያምዎታል?" የሚለው የድሮ ምርመራ አስተማማኝ አይደለም፣ አትደገፊበት። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ኦክስጅን ስጪ፣ ሐኪም ጥሪ።

ሁለቱም እግር ለዓመታት ቀስ እያለ ካበጠ፣ እብጠቱም ከእግር ጣት ተነስቶ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሰውየውም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ከሆነ ዝሆኔ ነው የምታስቢው። እኛ ጋ፣ ወላይታም እንዲሁ፣ ብዙ እናያለን። ይህ የሊምፍ (ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች) ችግር ነው። የሁለተኛዋን የእግር ጣት ቆዳ ከሥሯ ለመቆንጠጥ ሞክሪ፤ እምቢ ካለ የሊምፍ እብጠት ምልክት ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ብዙ ይለውጠዋል።

ጠያቂዋ

የመጨረሻ ጥያቄ። ለደም ቅዳ ሕመም "ይራመዱ" ይባላል። የሚያማቸው ሲራመዱ አይደል እንዴ?

ፊዚዮቴራፒስት

ለዚያ ነው በመርሐ ግብር የሚሆነው። ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዳሉ፣ ቆመው ያርፋሉ፣ ሲተዋቸው እንደገና ይቀጥላሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ሳያማቸው የሚሄዱት ርቀት ይጨምራል። ግን ቁጭ ብለውም የሚያማቸው ወይም እግራቸው ላይ ቁስል ያለባቸው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፤ የጥያቄሽ ሰውዬ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለማቃለል ቆም ማለት ሳይበቃቸው መቀመጥ ወይም ወደፊት ማጎንበስ የሚያስፈልጋቸው ካሉ ደግሞ ጀርባቸውን አስመርምሪ፣ ከአከርካሪ ሊሆን ይችላል።

ሲስተር ሕ

ሲጋራ ማቆም፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ)፣ ስታቲን (ለኮሌስትሮል)፣ እነዚህን ከመራመዱ ጋር አብረሽ ያዢ። ሲሎስታዞል (ሲራመዱ የሚመጣውን ሕመም የሚያቃልለው መድኃኒት) የልብ ድካም ላለበት እንደማይሰጥም አትርሺ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስሮጥሽ አንድ እግር አለ። በድንገት ያመመ፣ የቀዘቀዘ፣ የገረጣ፣ ምት የሌለው፣ የደነዘዘና አልንቀሳቀስ ያለ እግር። ከታየ በኋላ የሚቀሩት ሰዓታት ናቸው። ከፍ አታድርጊው፣ አታሙቂው፣ ፋሻ ካለበት ፍቺው፣ ሰዓቱን ጻፊና ሐኪሙን በስልክ ሳይሆን በአካል አምጪው።